አምስተኛው ፓኔል

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ፊውዝ በሚል ስም ነው። ትክክለኛ ስሙን መንገድ ላይ ብትጠሩት ዞሮም አያያችሁ። ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ የወጣለት ይመስላችኋል፤ አይደለም። ትንሽ ጫን ካሉት ቷ ስለሚል ነው። ሰው ቤት ለሥራ ይገባል፣ ቆጣሪውን ከፍቶ ያያል፣ «ይኼን ሽቦ የሳበው ማን ነው?» ይላል። የቤቱ ጌታ ደረታቸውን ነፍተው «እኔው ነኝ» ሲሉት፣ «እስካሁን አለመቃጠልዎ ይገርማል» ብሏቸው እርፍ። ሥራው እንከን የለውም፤ እሱ የነካው ነገር ተመልሶ አይበላሽም። አፉ ግን ስንት ደንበኛ አሳጥቶናል።

እኔ ደግሞ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ያላማረባትን አማረብሽ፣ የሳሳባትን ይኸው በዛልሽ እያልኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ በአሥራ አራት ዓመት ትዳራችን ምክሬ አንድ ነበር። «አንተ ሰው፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ራስህ ሲመለጥ እኔ አለሁልህ፤ አፍህን ማን ይሸፍንልሃል?» እለዋለሁ። ይስቃል። በማግስቱ ያው ነው። እኔም አልሰለቸኝም፤ ዝም አይነቅዝም፣ ዝም አይነቅዝም እያልኩ ስነዘንዘው ኖርኩ። አንድ ቀን ሰማኝ። በትዳራችን ሁሉ ያቺን አንድ ቀን ብቻ ነው የሰማኝ፣ እኔንም ይኼን እንድጽፍ ያደረገችኝ ያቺው ቀን ናት።

አባባ፣ ማለት የባሌ አባት፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነው። አርባ ዓመት ጣውላ ሲሰነጠቅ ሳንባ ውስጥ የሚቀረውን ብናኝ ያኔ ማን አስቦት። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ከቤት እስከ መንገድ መሄድ አቃታቸው፤ በአምስተኛው ከአልጋ እስከ በር። ሐኪሙ የኦክስጅን ማሽን አዘዘላቸው። ከወንበር የማይበልጥ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ሳጥን ነው፤ የክፍሉን አየር ስቦ ያጣራና በቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ድረስ ያደርሰዋል። ቀንና ሌሊት ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ አንዴ ይጮኽና ጸጥ ይላል። እንደዚያ ጸጥታ የምጠላው ነገር የለም። የአባባ ከንፈር ቀለሙ ይለወጣል፣ ዓይናቸው በሩን በሩን ያያል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተቀመጠች አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረች፤ እሷም ከአምስት ሰዓት በላይ አታቆይም።

ቀን ቀን የምታስታምማቸው ሚጡ ናት። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነች፤ በሕፃንነቷ ሚጡ ተብላ ሠላሳ ዓመቷንም በዚያው ስም ደፈነች። ከአምስት ዓመት በፊት ከባሏ ከተለየች ወዲህ ከአባቷ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች። ጠዋት መጥታ አባባን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትራሳቸውን ታስተካክላለች፤ በመሃል መሃሉ ጓሮ ወጥታ የሰው አንሶላ ትጨምቃለች። ሌሊቱን ልጆችና ምራቶች በተራ እናድራለን። ሚጡ ብዙ አትናገርም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሆደ ባሻ ነው ብለን ለራሳችን ወስነን፣ ሁላችንም እንደ ብርጭቆ ነበር የምንይዛት።

አንድ ሳምንት መብራት ስድስት ጊዜ ጠፋ። በስድስተኛው ቀን ትልቁ ጋሼ፣ የመኪና ዕቃ የሚነግደው የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንንም አባባ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሶላር እናስገባለን። ኢንቨርተሩንም፣ የፀሐዩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን፣ መርጬዋለሁ። ጓደኛዬ ቤት አለች፤ ባትሪ አትል፣ ምን አትል። ከፓኔሉ የመጣውን ቀጥታ ከመስመሩ ጋር ትቀላቅለዋለች።»

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ ፊውዝ።

«ፀሐይ እስካለች ድረስ ምን ቸገረህ?»

«እሷም አብራ ትጠፋለቻ! መስመሩ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን እንዳትገድል እንዲህ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመህ ማሽንህ አይሠራም። ሰውዬ፣ አባባን ልትገድል ነው እንዴ?»

ይኼን ያለው አባባ በተኙበት ነው። ጭኑን ቆነጠጥኩት። ትልቁ ጋሼ ፊቱ ደም ለበሰ። አባባ ግን ፈገግ ብለው «ተዉት፣ ያስረዳን» አሉ።

ፊውዝ ሥራውን ሲያስረዳ ሌላ ሰው ነው። ድምፁ ይረጋል፣ ነገሩን በእጁ ያሳያል። «ሁለተኛው ዓይነት» አለ፣ «ከእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ የሚለጠፍ ትንንሽ ኢንቨርተር ነው። ሁሉም ለራሱ ነው የሚሠራው። አንዱ ቢደክም ወይም የዛፍ ጥላ ቢያርፍበት ሌላው ሥራውን አይተውም። ለዚህ ለዚህ ግሩም ነው። ግን ገበያ ላይ ያገኘኋቸው በሙሉ መስመር ሲሄድ አብረው የሚተኙ ናቸው። ሦስተኛው ባለ ባትሪው ትልቁ ነው። ከፀሐይም ከመስመርም ይሞላል፣ መብራት ሲሄድ ሳይነገረው ይረከባል። የሚሰጠውም መብራት ንጹሕ ነው፤ ርካሾቹ ባለ ባትሪዎች የሚሰጡት የተቆራረጠ ስለሆነ የአባባን ማሽን ሞተር ያቃጥሉታል። እኔ የምመርጠው ይኼን ነው።»

«እንግዲያው አለቀ» አለ ትልቁ ጋሼ።

«አላለቀም። ይኼኛው ፓኔሎቹን ሁሉ በአንድ ገመድ አከታትሎ ነው የሚያስራቸው። ከረንቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እያለፈ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፓኔሎቹ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከመሃላቸው አንድ ደካማ ከገባ ሁሉም የሚሰጡት የሱን ያህል ነው።»

አባባ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «እንደ ሁለት ሰው መጋዝ ነዋ» አሉ። «ወዲያ ማዶ የያዘው ከደከመ የጎበዙ ጉልበት ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው።»

ሁላችንም ሳቅን። ትልቁ ጋሼ ኢንቨርተሩንና ባትሪውን ሊገዛ፣ እኔና ፊውዝ አራት አንድ ዓይነት ፓኔሎች ልንገዛ ተስማማን። ሚጡ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስለነበር ይኼን ሁሉ አልሰማችም። ከኛም ገብታ ትስማ ያለ የለም። ምን አላትና ብለን ነዋ።

የተገጠመ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ፊውዝ አራቱን ፓኔሎች ቆርቆሮው ላይ ደርድሮ ሊጨርስ ሲል፣ ሚጡ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ መንገዱን ስትሻገር አየኋት። ግቢ ገብታ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ፓኔል ነው። የነዚያን ግማሽ የማይሞላ፣ ጠርዙ የዛገ፣ መስተዋቱ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያለበት አሮጌ ፓኔል።

«ጋሼ፣ የኔም ይግባበት» አለችው ፊውዝን፣ መሬት መሬት እያየች።

አባባን በወንበር አድርገን በሩ ላይ አውጥተናቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አያችሁ? ያልጠየቃችኋት ናት ይዛ የመጣችው። ተባረኪ የኔ ልጅ። አንተ፣ የሷን መሃል ላይ አድርግልኝ፤ ከአናቴ በላይ እንዲውል።»

ፊውዝ ከጣሪያው ላይ አፉን ከፈተ። እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜያለሁ። ከመፈንዳቱ በፊት የላይኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ወደ ታች አየኝ። በዓይኔ ገሰጽኩት፣ ጭንቅላቴንም ነቀነቅኩ። አፉን መልሶ ገጠመው። 

«አምጪው» አለ።

ሚጡ መሰላሉን ወጣች። እሱ የገመዶቹን ጫፎች አሳያት፣ እሷ በገዛ እጇ አያያዘቻቸው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ኢንቨርተሩ ተከፈተ፣ አረንጓዴው መብራት በራ፣ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። አጨበጨብን። ያን ቀን መስመሩም ስለነበረ ጉድለቱን የሚያሳይ ምንም ነገር አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ተጓዝን። ከዚያ ቆመ። «ነገ ሄጄ አወርደዋለሁ» አለ። «ከሁለት አምፒር በላይ አይሰጥም፤ የኛዎቹ አሥር ይሰጣሉ። ፓኔሉ ሲደክም የሌሎቹን ከረንት በጎን የምታሳልፈው የጀርባው ዕቃም ተቃጥላለች፤ ልቀይራት ብል ሳጥኑ በሙጫ ተደፍኗል። አሁን አምስቱም ሁለት አምፒር ናቸው። ያንን ሁሉ ፓኔል ለጌጥ ነው የሰቀልኩት።»

«ምን ብለህ ልታወርደው?»

«ደካማ ነው ብዬ።»

«ለሚጡ? ከሰው መሃል ተቆጥራ የማታውቅ ልጅ ገና ዛሬ ተመረቀች፣ ነገ ሄደህ ያመጣሽው ቆሻሻ ነው ልትላት?»

«እንግዲያው ተሰቅሎ ይቀመጥና ገመዱን ብቻ ልፍታው።»

«በየቀኑ ወጥታ እወለውላቸዋለሁ ስትል አልሰማህም? ገመዱን ያያያዘችው ራሷ ናት። ተፈትቶ ካገኘችው የባሰ ነው፤ ሸነገሉኝ ነው የምትለው። ደግሞስ መብራት ጠፍቶ ከግማሽ ቀን በላይ መች ቆይቶ ያውቃል? ባትሪው ከመስመሩም ይሞላል ብለህ የለም?»

«ይሞላል።»

«በቃ ሆድ ይፍጀው። እስቲ አንዴ እንኳ ዝም ማለትን ልመድ።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለቱ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩት እሺ ነው።

ስድስት ወር ያለ ምንም ችግር አለፈ። መብራት ለሁለት ሰዓት፣ ለሦስት ሰዓት ይጠፋል፤ ባትሪው ይሸከመዋል፤ መስመሩ ሲመለስ ባትሪው ይሞላል። ሚጡ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቆርቆሮው ላይ ትወጣለች። አባባ ጠያቂ ሲመጣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው ስለዚያች ትንሽ ፓኔል «የልጄ ናት፣ እሷ ናት የምታስተነፍሰኝ» ይላሉ። ፊውዝ ይኼን ሲሰማ ተነስቶ ይወጣል። እኔ እየቆየ ረሳሁት። ሰው የሚመቸውን ለመርሳት ጊዜ አይፈጅበትም።

አንድ ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። የመብራት ሰዎች መጥተው አዩት፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ሄዱ። ፊውዝ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ሽቦ እየዘረጋ ነበር። ደወልንለት። «ባትሪው እስከ ሌሊት ያደርሳል፤ ማታ ካልመጣ ነገ በጠዋት እነሳለሁ» አለ። ያን ሌሊት ሚጡ አደረች። ባትሪው ሊነጋጋ ሲል ተሟጠጠ፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ሚጡ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዞረችው።

እኔ በጠዋት ስደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ሰማዩ ላይ አንድ ጉም የለም። ሚጡ የኢንቨርተሩ ፊት ቆማ ቁጥሩን ታያለች። «እትዬ፣ ፀሐይ ይኼን ያህል ወጥታ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው የሚለው። ማሽኑ ሦስት መቶ ሃምሳ ይፈልጋል። ስከፍተው ትንሽ ይንቀሳቀስና ይጠፋል። ምን ሆኖ ነው?»

ምን እንደሆነ አወቅኩ። 

ያልሞከርነው የለም። ዳቦ ቤቱ ጄኔሬተር አለው ተብሎ ሚጡ ሮጠች፤ ከተበላሸ ከርሟል። አምቡላንስ ጠራን፤ ወጥታለች፣ ስትመለስ እንልካለን አሉን። ትልቁ ጋሼ መኪናውን ይዞ ዕቃ ሊያመጣ ከከተማ ወጥቶ ነበር፤ እየበረርኩ ነው ይላል። የሲሊንደሩ መርፌ ቀዩ ውስጥ ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው። አባባ እያንዳንዱን ትንፋሽ በትከሻቸው ጭምር ነው የሚስቡት።

ፊውዝ ደወለ። አውቶቡስ ውስጥ ነው። ቁጥሩን ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሷን ንቀሉት» አለ። «መጀመሪያ ከኢንቨርተሩ ሥር ያለውን ማጥፊያ ወደ ታች ታደርጊዋለሽ። ከዚያ የትንሹን ፓኔል ሁለት ጫፎች መንቀል፣ የግራና የቀኙን ትልልቆች እርስ በርስ ማያያዝ፣ ማጥፊያውን መመለስ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አንቺ አትችይውም፣ ሚጡ ታውቀዋለች። ስጪኝ ልንገራት።»

ሚጡ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክካ የአባቷን ግንባር ትጠርጋለች። አባባ እጇን ይዘዋል። ፊውዝ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት አውቃለሁ። ያንቺ ፓኔል ነው አባባን የሚያንቀው ይላታል፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አፉ።

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩት። «አንተ ብቻ ድረስ።» ስልኩን ዘጋሁት።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር። ሚጡ ቀና ብላ «ምን አለ ጋሼ?» አለችኝ፤ ዓይኗ ሌሊቱን ሙሉ አልተከደነም፣ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ይኼን ነገር እዚህ ፊት ላይ መናገር አቃተኝ።

«መንገድ ላይ ነኝ አለ» አልኳት። «እኔ ወጥቼ ፓኔሎቹን ልጥረጋቸው፤ አቧራ ይሆናል።»

«ጠዋት ወልውያቸዋለሁ እኮ።»

«ይሁን፣ ልድገመው።»

ማጥፊያውን ወደ ታች አደረግኩ፤ እሱን እንኳ አልተሳሳትኩም። ወጣሁ። በሕይወቴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል፣ ጉልበቴ ተለበለበ። ከትንሹ ፓኔል ሥር እጄን ሰድጄ ገመዶቹን አገኘኋቸው። ሳብኩ። አልመጣም። ጠመዘዝኩ። አልመጣም። ጎንና ጎኑን በጣት ተጭኖ የሚለቀቅ ነገር እንዳለው ያኔ አላወቅኩም። በጥርሴ ያዝኩት። ጥፍሬ ተገነጠለ። ከሥሬ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ የአባባ ትንፋሽ በቆርቆሮው አልፎ ይሰማኛል፤ ሲርርር ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። «ሚጡ!» ብዬ መጣራት ነበረብኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር። አሁን አሁን ይለቀቃል፣ ሳታውቀው ይለቀቃል፣ ፊውዝ ይደርሳል፣ መብራቱም ይመጣ ይሆናል እያልኩ ከዚያች ፓኔል ጋር አርባ ደቂቃ ታገልኩ። የሰው ነፍስ ይዤ ይሉኝታ አስታምም ነበር።

የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ትልቁ ጋሼ ደርሷል። ላብ በላብ ሆኜ ወረድኩ፣ ማጥፊያውን መለስኩ። ሲሊንደሩ አልቋል። አባባን በብርድ ልብስ አቅፈን መኪና ውስጥ አስገባናቸው፤ ሚጡ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። አባባ በመኪናው መስኮት ጣሪያውን በዓይናቸው የፈለጉ መሰለኝ። መኪናው ወጣ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ፊውዝ እየሮጠ ገባ። መሰላሉን ሁለት ሁለት እያለ ወጣ። ከላይ ድምፁ ይሰማኛል፤ ጫን፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወርዶ ኢንቨርተሩን ከፈተው። ቁጥሩ ተነሳ፤ አራት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። የአባባ ማሽን ባዶው አልጋ አጠገብ ማጉረምረም ጀመረ። ቱቦው አንሶላው ላይ ተጋድሞ ትፍፍ ይላል። ሁለታችንም ቆመን አየነው።

«ሳይነቀል ነው ያገኘሁት» አለ። «አልነገርሻትም እንዴ?»

«ነግሬያታለሁ» አልኩ። «አልነቀል አላት።»

ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ስልኩ ጮኸ። ትልቁ ጋሼ ነው። አባባ ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ መንገድ ላይ አልፈዋል።

ለቅሶው አለፈ። በሳምንቱ ክፍሉን ልናጸዳ ሦስታችን ተገናኘን፤ ማሽኑን ለሌላ በሽተኛ ለመስጠት ነበር። ፊውዝ ያን ሳምንት ሥራ አልሄደም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ሲያናግረው ይመልሳል፤ ግን ዓይኑ የሆነ ቦታ ላይ ቀርቷል። እኔ ሻይ አፍልቼ በትሪ ይዤ ስገባ፣ ሚጡ ግድግዳው ሥር ተደግፎ የቆመውን የራሷን ፓኔል ታያለች።

«ጋሼ፣ የኔን ለምን አወረድከው?»

ፊውዝ ግድግዳውን እያየ «ደካማ ስለሆነ» አለ። «ሌሎቹንም ይዟቸው ወርዶ ነበር።»

«መቼ አወቅከው?»

«ከብርድ ልብሱ ስታወጪው።»

ሚጡ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ እመርጥ ነበር። «ታዲያ ምነው ያኔ ያልነገርከኝ?»

«እንዳይከፋሽ።» ከዚያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳምንቱን ሙሉ የያዘው ነገር አመለጠው። «ማክሰኞስ ግን፣ ንቀዪው ስትባዪ እንዴት አቃተሽ? በእጅሽ ያያያዝሽው ነው። ጫን አድርጎ መሳብ ብቻ ነበር እኮ፣ ሚጡ። ጫን አድርጎ መሳብ ብቻ!»

ሚጡ ግራ ገብቷት አየችው። «ማን ነው ንቀዪው ያለኝ?»

ፊውዝ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሚጡም ዞረች። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«አልነገርኳትም» አልኩ።

 ሚጡ ወደ ፓኔሉ መለስ ብላ አየችና፣ ለማንም ሳይሆን እንደምታወራ ሰው «እኔ እኮ ከቤቴ ጣሪያ ላይ ነው ያወረድኩት» አለች። «አከራዬ መስመር አላስገባልኝም፤ አምፖሌ የሚበራው ይኼ ፓኔል በሚሞላው ባትሪ ነበር። አይሆንም ብትሉኝ ምን ይከፋኛል፣ ወስጄ መልሼ እሰቅለው ነበር። ይኼን ሁሉ ወር በጨለማ ነው የማመሸው።»

የሚጡ ክፍል ከመንገዱ ማዶ ነው። ከአባባ በር ላይ ቆሞ ላየ በሯ ፊት ለፊት ይታያል። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም።